ከገና ሜዳ የወጣው ሻምበል

የልደት በዓል በዋለ በማግሥቱ ከሐይቅ ከተማ ተነሥቼ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ስሄድ፣ ሐይቁን ተንተርሶ በተዘረጋው ለጥ ያለ ሣር ላይ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ልጆች፣ ጫማዎቻቸውን አውልቀው በሁለት ወገን እንደ ድንበር ምልክት ከምረው፣ ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው፣ ከጨርቅ የተቋጠረች ሩር እያሳደዱ ገና ሲጫወቱ አየሁ፤ የልጅነቴም ዘመን ትዝ ቢለኝ ከመንገዴ ዘወር ብዬ ስመለከታቸው ቆየሁ። ደክሟቸው ባረፉ ጊዜ ቀረብ ብዬ፣ «ልጆች፣ ሻምበል አበበ ቢቂላን ታውቁታላችሁ?» ብላቸው፣ ሁሉም ባንድ አፍ «በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው!» ሲሉ መለሱልኝ። «ሌላስ ስለ እርሱ ምን ሰምታችኋል?» ብዬ ብደግም ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከመካከላቸው ታናሹ ብቻ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጫማ ስላልነበረው አይደል በባዶ እግሩ የሮጠው?» አለኝ።

ያ ልጅ ይህን ሲናገር በእጁ ይዞት የነበረው በትር፣ አበበ በእርሱ ዕድሜ ሳለ በሰሜን ሸዋ መስክ ላይ ይዞት ይሮጥ የነበረው ያው የገና በትር መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስገደደኝ ይኸው ነው። (የሻምበሉን ስም በአንቱታ ሳይሆን በአንተታ የምጽፈው ማዕርጉን ዘንግቼ አይደለም፤ ሕዝቡ ከፍቅር የተነሣ ከልጆቹ እንደ አንዱ አድርጎ ሲጠራው ስለ ኖረ፣ እኔም ከሕዝቡ ልለይ ስላልወደድሁ ነው።)

እኛ ኢትዮጵያውያን አበበ ቢቂላን አብዝተን እንወደዋለን፤ ነገር ግን ታሪኩን የምንተርከው ከሮም ከተማ ጎዳና ጀምረን፣ በዚያች በአንዲት ምሽት ላይ ቆመን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የሃያ ስምንት ዓመት ሕይወትና ከዚያም በኋላ የመጣውን የዐሥራ ሦስት ዓመት ተጋድሎ እንደ ትርፍ ነገር ወደ ጎን ትተን፣ ጫማ የሌለው አንድ ወታደር ከሰማይ ወርዶ ዓለምን ያስደነገጠ አስመስለን እንናገራለን። እንዲህ በማድረጋችንም ስሙን ከፍ ያደረግን ይመስለናል፤ እኔ ግን አሳንሰነዋል እላለሁ። ድንገት የወረደ ተአምር ያየውን ሰው ከማስደነቅ በቀር የሚያስተምረው የለውም፤ የአበበ ድል ግን ከፊደል እስከ ቅኔ እንደሚዘልቅ ትምህርት ደረጃ በደረጃ የተገኘ ነበረና፣ ለልጆቻችን ሊሰጥ የሚገባው የዚያ ትምህርት ታሪክ ነው።

ይህን ሥርዓት ደግሞ ከባዕድ መበደር አያስፈልገንም። በዚሁ በሐይቅ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ታላቁ አባት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት አቁመው፣ መጻሕፍት አስጽፈው፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትንና የጣናውን የዳጋ እስጢፋኖስን መሥራች አባ ኂሩተ አምላክን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ገዳም በዐይናችን ፊት ቆሞ ይታያል። የእነዚያን አባቶች ገድል የጻፉት ሊቃውንት ጻድቁን በተአምራቱ ቀን ብቻ አንሥተው አያስተዋውቁንም፤ ልደቱን፣ አስተዳደጉን፣ ያስተማሩትን መምህር ስም፣ በረድእነት ውሃ የቀዳበትንና እንጨት የለቀመበትን ዘመን አስቀድመው ከተናገሩ በኋላ ነው ወደ ተጋድሎው የሚገቡት፤ ከተጋድሎውም ወደ ዕረፍቱ። የአበበን ዜና ከመካከሉ ቆርጠን ስንጀምር ይህን የአባቶቻችንን የአጻጻፍ ሥርዓት መሳታችን ነው።

ሌላው ዓለምም የራሱን ሰዎች እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውስ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ክሪኬት የሚባል፣ ጠንካራ ኳስ ተወርውሮ በጠፍጣፋ በትር የሚመታበት፣ ሲመለከቱት ከእኛው ገና ጋር የሩቅ ዘመድ የሚመስል ጨዋታ አለ፤ ዊዝደን የሚባለውም ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲታተም የኖረው የዚያ ጨዋታ ዜና መዋዕል፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን በጦር ሜዳ የወደቁትን ተጫዋቾች ስምና ማዕርግ እየዘረዘረ ገጾቹን ይሞላ ነበር። በሁለተኛውም ጦርነት የዮርክሻየር ዝነኛ ኳስ ወርዋሪ የነበረው ሻምበል ሄድሊ ቬሪቲ ወታደሮቹን እየመራ በሲሲሊ ደሴት ቆስሎ ከተማረከ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1935 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በካዜርታ ከተማ ቢሞት፣ የአገሩ ሰዎች የጨዋታውን ሜዳና የጦር ሜዳውን ሳይለያዩ የአንድ ሰው አንድ ሕይወት አድርገው ይተርኩታል። የእነርሱ ልጅ ያን መኮንን ሲያስብ በመንደሩ ሣር ላይ እርሱም የሚወረውራትን ኳስ አብሮ ያስባል፤ የእኛ ልጅ ግን በትሩን ይዞ ሳለ የበትሩን ባለቤት አላወቀውም።

እንግዲህ ገድሉን ከልደቱ እንጀምር። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በመንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ፤ በዚያችው ቀን በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ዕድሜው ሦስት ዓመት ያህል ሲሆን የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ፤ ከዚህ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በደሴ ከተማ ላይ የጠላት አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቦምብ ሲያዘንቡ፣ እናቶች ሕፃናትን አዝለው በየዋሻው በተሸሸጉበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ የአበበም ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ስፍራ ተሰደደ። ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በእርሻ ሲኖሩ፣ ልጁ እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ በየዓመቱም ታኅሣሥ ሲደርስ ገና እየተጫወተ አደገ።

የገናን ጨዋታ በከተማ አጥር ውስጥ ብቻ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ላይገባው ይችላልና ጥቂት ማብራራት አለብኝ። በባላገር ገና ሜዳው አይለካም። ላይኛው መንደርና ታችኛው መንደር ተከፍለው ሲገጥሙ፣ ሩሯ የምትሻገርበት የአንዱ ወገን ድንበር ከሌላው ወገን ድንበር አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ በመካከሉ ያለው ቁልቁለት፣ ዳገት፣ ጅረት፣ የታረሰ ማሳ፣ ሁሉም ሜዳ ነው። ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከቆዳ ተሰፍታ የተሠራችው ሩር አንዴ በበትር ከተመታች በኋላ የሚያቆማት ዳኛ የለም፤ የሚያቆማት ሩጫ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲሮጥ ሲውል፣ ስንቱን ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ አያውቀውም፤ ሩሯን ብቻ ስለሚመለከት ድካሙን አይቆጥረውም። ጌታና ሎሌ በእኩልነት የሚጋፉበት፣ ጌታውም የሎሌው በትር ቢያገኘው የማይቆጣበት ቀን በመሆኑም፣ ልጁ ከትልቅ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መግጠምን፣ ወድቆ መነሣትን፣ የቆሰለ ጉልበቱን አፈር አስነክቶ እንደገና መሮጥን የሚማረው በዚያ ነው። ጥንታውያኑ አበው ይህን ጨዋታ ከቤተልሔም እረኞች ደስታ ጋር ያያይዙታል፤ የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር እየተጫወቱ ዘለሉ ይባላልና።

እንግዲህ የሮምን ጠጠር መንገድ ያልፈራው እግር እዚህ ነው የተማረው። ይህን የምለው ጨዋታውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ አበበ ራሱ በልጅነቱ የዚህ ጨዋታ ሰው እንደ ነበረ በሕይወት ታሪኩ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ዜናውን ስናወራ ግን ሳናነሣው የምናልፈው ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ የጦር ሰፈር ነበር። በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክቡር ዘበኛ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ ወደ ሮም እስከ ሄደበት ቀን ድረስም ስምንት ዓመት ያህል በዚያ ሥርዓት ውስጥ ኖረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እየተነሣ እስከ አዲስ አበባ ይሮጥ ነበር፤ በጦር ኃይሎች ውድድርም ታላቁን ዋሚ ቢራቱን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ወታደር ከሌሎች ለይቶ አየውና በረጅም ርቀት ሩጫ ሥልጠና ውስጥ አስገባው፤ እርምጃውን፣ አተነፋፈሱን፣ ኃይሉን ለመጨረሻው ሰዓት ማቆየትን አስተማረው። ከሮም ጥቂት ሳምንታት በፊት አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ማራቶን አበበ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ፈጸመ፤ ይህም ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። እንግዲህ ዓለም ባያውቀውም መምህሩ ያውቅ ነበር፤ ደቀ መዝሙሩም ያውቅ ነበር። ጫማውን በተመለከተም፣ ለውድድሩ የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ አልስማማ ስላለው፣ በልምምድ ጊዜ በባዶ እግሩ መሮጥን ደግሞ አስቀድሞ ለምዶት ስለ ነበር፣ ከመምህሩ ጋር ተመካክሮ ያደረገው ምርጫ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ለእኛ ለአምባሰልና ለሐይቅ ሰዎች ከሌላው ይልቅ የሚቀርበን ይመስለኛል። ከሐይቅ በስተሰሜን በአምባሰል ምድር ውጫሌ አለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል የተፈረመባት፣ በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል ተለያይቶ የተገኘባት፣ የዐድዋ ጦርነት መንሥኤ የተጻፈባት ስፍራ ናት። የዐድዋን ቂም የቋጠረው ፋሺስት ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ሜዳ ላይ ደማቸውን ካፈሰሱት መካከል የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ያው ወራሪ 24 ሜትር የሚረዝመውን የአክሱም ሐውልት ነቅሎ ወስዶ በሮም አደባባይ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ሕንፃ ፊት አቆመው። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ የዚያው የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ በስደት ያደገው የጃቶ ልጅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና ላይ የተገኘው፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ የዘመን መለወጫን ዋዜማ ችቦ ለኩሶ በሚያከብርባት በዚያችው ምሽት፣ በጥንታዊው በአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ የኢጣልያ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ለኢትዮጵያዊው ወታደር መንገዱን ያበሩለት ነበር።

መምህሩ የሞሮኮውን ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠነቀቅና 26 ቁጥር የለበሰውን እንዲመለከት ነግሮት ነበር፤ ሰውየው ግን 185 ቁጥር ለብሶ ስለ ወጣ፣ አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ፣ ወደ ፊት የቀደመ ሌላ ሰው ያለ መስሎት ረጅም መንገድ አብረው ሮጡ። የአክሱም ሐውልት ከቆመበት ስፍራ ሲደርሱ፣ አስቀድመው ከኒስካነን ጋር መንገዱን ሲያጠኑ በመረጡት በዚያ ቦታ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥርም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ ተከታዩን በ25 ሴኮንድ ቀድሞ ገባ። ሐውልቱ ራሱ ወደ ቦታው ለመመለስ ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆመ። ይህን ሁሉ በአንድነት ሳስብ፣ በውጫሌ የተጀመረው አረፍተ ነገር ነጥቡ ያረፈበት አንዱ ቦታ ያ የሮም ጎዳና ሆኖ ይታየኛል።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕርጉንም የዐሥር አለቃ አደረጉለት። ይህን ማዕርግ የዛሬ ሰው ሲሰማ ያንሳል ይላል፤ እኔ ግን ዓለምን ያሸነፈ ሰው በወታደር ቤት ሥርዓት ከታች ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ማየት የዚያን ሰው ትሕትና ይበልጥ ያሳየኛል። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተነሣ ጊዜ፣ አበበ በነገሩ ባይኖርበትም ተይዞ ተጠይቆ ተለቋል። ከዚያም በኋላ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ማራቶኖች ተወዳድሮ ሁሉንም አሸነፈ። በቶክዮ ኦሊምፒክ ደግሞ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ፣ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ ገባና፣ ሌሎቹ ገና በመንገድ ሳሉ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በዓለም ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የመቶ አለቅነት ማዕርግና የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻንም ተሰጠው።

የገዳማችን ስም ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባኛል። እስጢፋኖስ የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አክሊል ማለት ሲሆን፣ ያም አክሊል በጥንት ግሪኮች ዘንድ በሩጫና በትግል ለሚያሸንፍ ሰው ከቅጠል ተጎንጉኖ በራሱ ላይ የሚደፋለት ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክቱ ስለ ሯጮች ሲናገር ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ የሚጠፋውን አክሊል ከማይጠፋው ይለያል። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ይህን ስም ተሸክሞ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ፤ ቤተ ክርስቲያንም አክሊሉን በመከራው ውስጥ አየችለት። እኔ በዚህ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝና፣ የሻምበል አበበን ሕይወት ባሰብሁ ቁጥር ሁለቱ አክሊላት ተለይተው ይታዩኛል፤ የወርቁን ሜዳልያ ሁሉም አይቶታል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አላየውም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩ ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ውድድሩን አቋረጠ፤ የትግል ጓደኛው ማሞ ወልዴ ግን ድሉን ለኢትዮጵያ አስቀረው። አበበም ወደ አገሩ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕርግ አገኘ። አምስት ወር ቆይቶ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ አከርካሪውን ጎዳችው፤ ከዚያች ሌሊት በኋላም በእግሩ አልሄደም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። ይህ ሆስፒታል በጦርነት አከርካሪያቸው የተሰበረ ወታደሮች ይታከሙበት የነበረ ሲሆን፣ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በሐምሌ ወር 1940 ዓ.ም. ዐሥራ ስድስት የጦር ጉዳተኞችን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጦ ቀስት በማስወርወር የጀመረው ውድድር እያደገ ሄዶ፣ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለውን ወልዷል። የዚያም የመጀመሪያው ታላቅ ጉባኤ የተደረገው የት እንደሆነ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በሮም ነው፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሃያ በላይ አገሮች የመጡ 400 ያህል ጉዳተኞች በዚያችው ከተማ ተሰብስበው ውድድራቸውን ከፈቱ። በዚያን ሳምንት በወንበር ተቀምጠው ቀስት የወረወሩት ሰዎች፣ የወርቅ ሜዳልያ አጥልቆ ወደ አገሩ የተመለሰው ብርቱ ወታደር አንድ ቀን በመካከላቸው ተቀምጦ ቀስት እንደሚገትር ከቶ እንዴት ያስቡት!

አበበ ግን ገተረ። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ፣ በልጅነቱ በረዶን ከዝናብ ጋር ሲወርድ ካልሆነ በቀር ያላየ የሸዋ ሰው፣ በበረዶ ላይ ተቀምጠው በሚነዱት መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። እኔ ከሮምም ከቶክዮም ይልቅ በዚህ በኖርዌይ በረዶ ላይ ያለውን አበበ አብልጬ አከብራለሁ። በእግሩ ሲሮጥ የነበረው ድል የእግሩ ነው ሊባል ይቻል ነበር፤ እግሩ ከተለየው በኋላ ያገኘው ድል ግን የማን እንደሆነ ጥያቄ የለበትም። በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበለው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሲቀበር 65,000 የሚሆን ሕዝብ ሸኘው፤ ቀኑም የሐዘን ቀን ሆኖ ታወጀ።

እንግዲህ ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ የተነገረው ገድል ይህን ይመስላል። የእኔም አሳብ፣ የሻምበል አበበ ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲጻፍ ከገና ሜዳው ተጀምሮ እስከ ኖርዌይ በረዶ እንዲዘልቅ፣ በየትምህርት ቤቱም ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ልጆች በእርሱ ስም ገና እንዲጋጠሙ ነው፤ ለዚህም ሐይቅና አምባሰል ቢቀድሙ ያምርባቸዋል። ሜዳው አለን፤ ዳገቱ አለን፤ በትሩን የሚቆርጥልን ቁጥቋጦ በየወንዙ ዳር አለ። ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የሚመጣ ዕቃ አንዳች አያስፈልገውም።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ገና ጥርስ ያወልቃል፣ ቅልጥም ይሰብራል የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እኔም በቅንድቤ ላይ የአንዱን የገና ቀን ጠባሳ ይዣለሁ። ነገር ግን የእንግሊዞቹም የክሪኬት ኳስ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ናት፤ እነርሱ ስለዚህ ብለው ጨዋታውን አልተዉትም፤ ለእግሩ መከለያ፣ ለእጁ ጓንት፣ ለሜዳው ዳኛ፣ ለጨዋታው የተጻፈ ሕግ አበጁለት እንጂ። እኛስ የበትሩን ርዝመት ወስነን፣ ሩሯን ከቆዳ ሰፍተን፣ ከወገብ በላይ መምታትን ከልክለን፣ የጨዋታውን አባቶች በዳኝነት ብናስቀምጥ ምን ይከለክለናል? ሌሎች ደግሞ ገና የክርስቲያን በዓል ጨዋታ ነው፣ የወሎ ልጆች ሁሉ እንዴት ይጫወቱታል ይሉኛል። እነዚህ ሰዎች ወሎን የሚያውቁ አይመስለኝም። በልጅነቴ የታችኛው መንደር ቡድናችን ከሁሉ የሚፈራው ሯጭ የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ በልደት ቀን ከሰዓት በኋላ እርሱ ሳይመጣ ጨዋታው አይጀመርም ነበር፤ እኛም በዒድ ቀን ከእናቱ ቤት አንጠፋም ነበር።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት ልነግራቸው አልቻልሁም፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እያዘነበለች ነበርና ስለ ጃቶው እረኛና ስለ ገና ሜዳው ጥቂት ብቻ አወራኋቸው፤ እነርሱም በትራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጸጥታ ሰሙኝ። ለመሄድ ስነሣ ያን ጥያቄ የጠየቀኝን ታናሹን ልጅ ጠራሁትና፣ በዳር ወደተከመረው የጫማ ክምር እያመለከትሁ፣ «አንተስ ጫማ እያለህ ለምን አወለቅኸው?» አልሁት።

«በሣሩ ላይ ያንሸራትተኛላ፣ ጋሼ፤ በባዶ እግሬ ነው የምፈጥነው» አለኝና ሩሯን ተከትሎ ሮጠ።